የበርበሬው ሚዛንና የስመኘው ብስክሌት

ስመኘው ቢያድግልኝ ቡሬ ከተማ በአቶ ቸኮለ የበርበሬ መጋዘን ሚዛን ያዥ ነው። ስድስት ዓመት ሆነው። ገበሬው ያመጣውን ጆንያ ከጣሪያው በተንጠለጠለው ሚዛን መንጠቆ ላይ ይሰቅላል፤ መርፌው ሲቆም ቁጥሩን ጮክ ብሎ ይጠራል። ገበሬው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ያጉረመርማል። «ኧረ እኛ አገር ማኅበሩ ጋ ሲመዘን ሃምሳ ነበር!» ይላል። ስመኘውም አቶ ቸኮለ ያስተማሩትን ይመልሳል፦ «በርበሬ መንገድ ላይ ይደርቃል፣ አባቴ። እርጥበቱ ነው የሄደው።» ይህን ሲል ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዳይመስላችሁ። ከልቡ ያምነው ነበር። አቶ ቸኮለ እሱ ሲታመም ያሳከሙት፣ ማደሪያ የሰጡት ሰው ናቸው፤ እንዲህ ያለው ሰው ይሰርቃል ብሎ ማን ያስባል?

አምና አባቱ ራሳቸው ከሽንዲ በኩል በርበሬ ይዘው መጡ። ስመኘው «አርባ አምስት» ብሎ ሲጠራባቸው፣ ሃምሳ ነው ብለው በሰው ፊት ተከራከሩ። «አባባ፣ ሚዛን አይዋሽም። አያሳፍሩኝ እንጂ» አላቸው። ሽማግሌው አንገታቸውን ደፍተው ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሚዛን አንስተውበት አያውቁም።

ስመኘው ግን ዕድሜ ልኩን መንጠቆ ሥር ቆሞ የመኖር ሐሳብ አልነበረውም። ነፍሱ ብስክሌት ናት። ባለፈው ዓመት ሀብተሚካኤል የሚባል የተራራ ብስክሌት አሠልጣኝ ፍኖተ ሰላም መጥቶ ልጆች ሲመለምል፣ ስመኘው በዳገቱ ሁሉንም ጥሏቸው ወጣ። አሠልጣኙም እንዲህ አለው፦ «እግር አለህ። ክለቡ ግን ብስክሌት የለውም። የራስህን ይዘህ ና፤ ከአስራ ሁለት ኪሎ ካለፈች ግን አልመዘግብህም። ብረት ተሸክሞ ተራራ የሚወጣ አልፈልግም። ዕድሜህም ከሃያ ስድስት እንዳያልፍ።» ስመኘው ዘንድሮ ሃያ ስድስት ሞላው። ሌላ ዓመት የለውም ማለት ነው።

ዓመቱን ሙሉ ያቺን የራሱን ከባድ ብስክሌት ሲያከሳ ከረመ። መጀመሪያ ቀላሉን አወለቀ፤ ከኋላ ያለውን የዕቃ መጫኛ፣ ፓራፋንጎውን፣ ማቆሚያውን፣ ደወሉን። ቀጥሎ ፔዳሉ ጋ ካሉት ሦስት ባለ ጥርስ ክቦች መካከለኛውን ብቻ አስቀርቶ ሁለቱን ጣለ፤ ሰንሰለቱንም በዚያው ልክ አሳጠረ። የፊት ጎማውን የሚይዘውን ባለ ሞላ ሹካ አውጥቶ ሞላ በሌለው ተካው፤ ከዚያ በኋላ ድንጋያማ መንገድ ላይ ሲወርድ እጁ እስኪደነዝዝ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ቀለለች። መሪውን ከግራም ከቀኝም ሁለት ሁለት ጣት ቆረጠው። የመቀመጫውን ቧንቧ ተረከዙን ፔዳል ላይ አሳርፎ፣ እግሩ ዘርጋ ሲል ለካና የተረፈውን በመጋዝ አነሳው። አንዴ ከተቆረጠ እንደማይመለስ ያውቃል። ሁለት ቀን አስቦበት ነው የቆረጠው።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያው ሲበተን በበርበሬው ሚዛን ላይ ይሰቅላታል። መጀመሪያ አስራ አምስት ተኩል ነበረች። አስራ አራት ገባች፣ አስራ ሦስት ገባች። አቶ ቸኮለ ወንበራቸው ላይ ሆነው እያዩ «ቀለለችልህ አይደል? ተባረክ!» ይሉታል። ወይ ሰው! አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ምን ነበረበት?

ምልመላው ሳምንት ሲቀረው መርፌው ከአስራ ሁለት ዝቅ ብሎ ቆመ። ስመኘው ደስታው አላስችል ብሎት ለአባቱ ደወለ። «አስራ ሁለት አልሞላችም፣ አባባ!»

ጎማዋ እንዳይበላ ብሎ በሚኒባስ ጣሪያ አስጭኗት ፍኖተ ሰላም ደረሰ። አሠልጣኝ ሀብተሚካኤል ትንሽ ሚዛን ከኳስ ሜዳው የግብ ብረት ላይ አንጠልጥሎ ብስክሌቶቹን በየተራ ይመዝናል። የስመኘው ተራ ደረሰ።

«አስራ ሦስት ከሁለት መቶ» አለ አሠልጣኙ።

«አይሆንም! ሚዛኑ ተበላሽቷል።»

አሠልጣኙ አልተቆጣም። አምስት ሊትር ውኃ የሞላበት ጀሪካን አምጥቶ ሰቀለበት። ሚዛኑ ከአምስት ኪሎ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ ቆመ፤ ትንሿ የጀሪካኑ የራሱ ክብደት ናት።

«ቡሬ አስራ ሁለት አልሞላችም ነበር፣ በእግዚአብሔር!» አለ ስመኘው።

«ታዲያ መንገድ ላይ ከበደች?»

ልጆቹ ሳቁ። ስመኘው ግን በዚያች ቅጽበት የአምናው የአባቱ ድምፅ ከራሱ አፍ ሲወጣ ሰማው። ብስክሌቷን ከመንጠቆው አውርዶ፣ ሚኒባስም ሳይጠብቅ ወደ ቡሬ ነዳ። መንገዱን ሁሉ ሲያሰላ ነበር፤ የአቶ ቸኮለ ሚዛን ከአስሩ አንድ ይበላል። ሃምሳው አርባ አምስት ይሆናል። ስድስት ዓመት፣ ስንት ጆንያ፣ ስንት ሽማግሌ። ቁጥሩን የጠራው ደግሞ እሱ ነው።

ለአቶ ቸኮለ የሚዛኑን ጉድ እነግራቸዋለሁ ብሎ ቆርጦ ገባ። «እንዴት ሆነልህ?» ሲሉት «አልሆነም» አለ፤ ከዚያ በላይ አፉ አልከፈት አለ። ፈሪ በሉት። ወደ አገሩ እንዳይመለስ መሬቱ ለታላቅ ወንድሙም አልበቃ፤ ክለቡ አምልጦታል፤ የሚያድረውም እዚያው መጋዘኑ ጥግ ነው።

ቅዳሜ አባቱ በርበሬያቸውን በአይሱዙ አስጭነው መጡ። ስመኘው ጆንያውን ሰቀለላቸው።

«ብስክሌቷስ፣ ልጄ? ተቀበሉህ?»

«ከበደች አሉኝ።»

«አስራ ሁለት አልሞላችም ብለኸኝ?»

«እዚያ ስትመዘን ከአስራ ሦስት አለፈች፣ አባባ።»

ሽማግሌው ቀና ብለው ሚዛኑን አዩት፤ ከዚያ ልጃቸውን አዩት። ስመኘው ምነው ቢሰድቡኝ፣ ምነው ቢረግሙኝ ብሎ በልቡ ለመነ። ከኋላ የተሰለፉት ገበሬዎች ተራው ቢዘገይባቸው ማጉረምረም ጀመሩ፤ አቶ ቸኮለም ከወንበራቸው አንገታቸውን አስግገው ማየት ያዙ።

«በል ጥራው» አሉት አባቱ ቀስ ብለው። «እንጀራህ ነው።»

ስመኘው መርፌውን አየና ጮክ ብሎ «አርባ አምስት!» አለ።