እናቴን ያመሰገኑበት ጾም

እናቴ ስኳር ነበረባት። አሜሪካ፣ ጋርላንድ ከተማ ባለው አፓርትመንታችን ጠዋት ጠዋት መርፌዋን ራሷ ትወጋለች፤ እኔ ቁርሷን ሠርቼ አስቀምጥና ፋርመርስ ብራንች ከተማ ወዳለው ሥራዬ እነዳለሁ። ከተወጋች መብላት አለባት። ካልበላች መድኃኒቱ ራሱ ስኳሯን አውርዶ ይገድላታል። ይህን ከእኔ እኩል ታውቃለች።

ሁዳዴ ሲገባ ለንስሐ አባቷ ነገርኳቸው። ሳምንቱን ትልቅ መኪና ሲነዱ የሚውሉ፣ በዕድሜ ልጇ የሚሆኑ፣ እሷን ግን «ልጄ» የሚሏት ቄስ ናቸው። ሳያመነቱ፣ «ልጄ፣ አንቺ ብዪ፤ ያንቺን ጾም እኔ ደርቤ እጾምልሻለሁ» አሏት። እናቴ መስቀላቸውን ስማ አለቀሰች። ያን ዕለት እግዚአብሔር ቤታችን የገባ መሰለኝ።

የማኅበሯ ሴቶች ግን አሉ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ዓይነት ናቸው። ቅዳሴ አያመልጣቸውም፤ ሱቅ ገብተው ብስኩት ሲገዙ እንኳ ወተት እንዳይኖርበት ጀርባውን አገላብጠው ያነባሉ። ሥራ ባልገባሁበት አንድ ጠዋት ሊጠይቋት መጡ። እናቴ እንቁላሏን እየበላች ነበር። ማንም አልተቆጣም። አንዷ ፈገግ ብላ፣ «ውይ እትዬ፣ እርስዎም? ማለቴ፣ እኛ እንኳ ሥራ ላይ ሆነን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እንይዘዋለን» አለች።

«የንስሐ አባቷ ናቸው የፈቀዱላት» አልኩ።

«አይ የአሜሪካ ቄስ!» ተባባሉና ሳቁ። እናቴ ሹካዋን አስቀመጠች።

ከዚያ በኋላ ከሥራ ኮል ሳደርግላት «በልቻለሁ» ትለኛለች። ስትዋሽ ሰምቼያት አላውቅም፤ አመንኳት። አንድ ቀን ስልኩ አልተነሳም። ቤት ስደርስ ወንበሯ ሥር ወድቃ ቀዝቅዛለች። እንቁላሉ በሶፍት ተጠቅልሎ ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ነበር። እግዚአብሔርን ፈርታ እንዳይባል፣ እሱማ በቄሱ አፍ ብዪ ብሏታል። የገደላት ይሉኝታ ነው።

ለቅሶው ላይ ቤቱ በነጠላ ሞላ። «መታደል ነው! ጾማቸውን ሳይገድፉ ሄዱ፤ በረከታቸው ይድረሰን» ይላሉ። ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ቄሱ ግን አላስቻላቸውም፣ ተነሡ። «ብዪ ብያት ነበር» አሉ፣ ድምፃቸው እየተቆራረጠ። «እንድትበላ ያዘዝኳት እኔ ነኝ።»

እፎይ፣ አሁንስ ገባቸው አልኩ በልቤ። ያቺው የሳቀችው ሴት ዓይኗን እየጠረገች፣ «አያችሁ፣ አባ ፈቅደውላቸው እንኳ አልበላም ያሉ ናቸው» አለች። እልልታ ብቻ ነበር የቀራቸው።

ሰው መሄድ ሲጀምር ከማኅበርተኞቹ አንዲት የእኔ እኩያ አቀፈችኝ። እሷም ስኳር እንዳለባት፣ እንደ እናቴ መርፌ እንደምትወጋ ነገረችኝ። «እስከ ዛሬ ቁርስ እበላ ነበር» አለችኝ ጆሮዬ ሥር፣ «ከነገ ጀምሮ ግን በእናትሽ ጸሎት እሞክራለሁ።»

ክንዷን ጨምድጄ ያዝኩ። እንዳትሞክሪ፣ ይኸው ነው የገደላት፣ እያልኩ ጮኽኩ። ሴቶቹ ሮጠው መጡ፤ «ሐዘን ነው፣ አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያሉ ጣቶቼን ከክንዷ ላይ አላቀቁና ወደ መኪናዋ ሸኟት።