ስም ያልተጻፈበት አስተያየት

በየማክሰኞው ጠዋት የክልሉን ምክር ቤት መዝገብ ቤት ስከፍት በር ላይ ቆመው የማገኛቸው አንድ ሽማግሌ አሉ። ቡናማ ኮታቸው ክርኑ ላይ ሳስቷል፤ የአባልነት ዓርማ ይሰካበት የነበረው የኮቱ ደረት ላይ ግን ሁለት ቀዳዳ አሁንም ይታያል። ሃያ ዓመት ሙሉ እዚሁ የሕዝብ ተወካይ ነበሩ። ዛሬ ዛሬ ጥበቃዎቹ እንደ ማንኛውም ባለጉዳይ ፈትሸው ያስገቧቸዋል፤ እሳቸውም ሳይነገራቸው እጃቸውን ይዘረጋሉ።

የድሮ ቃለ ጉባኤ ሲያገላብጡ ወር አለፋቸው። ምን እንደሚፈልጉ ብጠይቃቸው፣ "ወንዛችን ላይ ድልድይ ይሠራልን ብዬ የተናገርኩበትን ነው ልጄ" አሉኝ። "እህቴ ልጇን ወንዙ ከወሰደባት ወዲህ አታናግረኝም። 'አንድ ቀን እንኳ አፍህን አልከፈትክልንም' ትላለች። ላሳያት ብዬ ነው።"

ባለፈው ማክሰኞ አገኘሁላቸው። "አንድ አባል ስለ ድልድይ አስተያየት ሰጥተዋል። ጉባኤው ወደ ቀጣዩ አጀንዳ አልፏል" ይላል፤ ሌላ ነገር የለውም።

መነጽራቸውን አስተካክለው ደጋግመው አነበቡት።

"ስሜን አልጻፉትም?"

"አልጻፉትም አባባ። ከዚያ በኋላስ እርስዎ አንስተውት አያውቁም?"

"የተቃወመኝ እኮ አልነበረም" አሉ። "ዝም ብለው አለፉኝ። እኔም አፈርኩና አሥራ ስድስት ዓመት እጄን ለድምፅ ብቻ ሳወጣ ኖርኩ።"

"ኮፒ ላድርግልዎ?"

መዝገቡን ቀስ ብለው ዘጉት።

"ተይው ልጄ። እሷ ያለችው ልክ ነው።"