የኒም ውሃ

እናቴ ያ ጎመን እንዲድን ትፈልግ ነበር ወይስ እንዲደርቅ? አርጅቼም መልሱን አላገኘሁትም።

አባቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ አሰብ ስንገባ እናቴ ሙቀቱን ቻለችው፤ ያልቻለችው የለመለመ ነገር ማጣቷን ነው። «ጎመን የማይበቅልበት አገር ልጅ አላሳድግም» ብላ እኔን ይዛ ወደ ደጋ በሚመለስ የጭነት መኪና ልትሄድ ቆረጠች። አባቴ እስከ ሁዳዴ ታገሺኝ ብሎ ለመናትና፣ በርሜል አስቆርጦ፣ ሾፌር ወዳጁን ከደጋ አፈር አስመጥቶ ጎመን ተከለላት።

እኔ በአሥራ አንድ ዓመቴ ገና ፊደል መቁጠሬ ነበር። በእናቴ አገር ትምህርት ቤት የሚባል በአቅራቢያ የለም፤ ከተመለስን ነገሬ እዚያው ላይ ያበቃል። ስለዚህ ጎመኑን ከአባቴ ይልቅ የምጠብቀው እኔ ነበርኩ።

ቅጠሉ ሰፋ ሲል ክሽክሽ ወረረው። ስገለብጠው ዱቄት የተነሰነሰባቸው የሚመስሉ ጥቃቅን ተባዮች ተደራርበው ይመጥጡታል። እናቴ አየችና «ተዉት፣ አትንኩት» ብላ ገባች።

ደጃፋቸው ላይ የኒም ዛፍ የነበራቸውን የመናዊት ጎረቤታችንን በምስጢር አማከርኳቸው። መራራ ቅጠሉን ወቅጬ፣ ውሃ ውስጥ አሳድሬ፣ አጥልዬ፣ ሳሙና ቢጤ ጨምሬ ከቅጠሉ ሥር ሥሩን እንድረጭ ነገሩኝ። በቦቴ የሚመጣውን ውሃ እናቴ ለመጠጥ ስለምትቆጥበው ከጉድጓድ ቀዳሁ። ሳሙናው አረፋ እምቢ አለኝ፤ ሰነባብቶም የቅጠሉ ጠርዝ ተቃጠለ። ሴትዮዋ ጎንበስ ብለው አዩና ሳቁ።

«ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ተባዩን ትተሽ ጎመኑን በጨው ቀቀልሽው።»

ከዚያ ወዲያ ከአባቴ መሥሪያ ቤት የአየር ማቀዝቀዣ የሚንጠባጠበውን ውሃ፣ ጨው የሌለውን፣ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጣሳ አጠራቅም ጀመር። እናቴ ገበያ ስትወጣ በመጥረጊያ ጫፍ እረጫለሁ። ክሽክሹ እየሳሳ ሄደ፣ ከመሃል አዲስ ቅጠል ብቅ አለ። አባቴ እግዜር ማረልን አለ።

ሁዳዴ ሲገባ እናቴ ቀንጥሳ ሠራችው። መኪናውም ያለ እኛ ሄደ።

ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። የስምንተኛ ክፍል ፈተና ማለፌን የሰማሁ ዕለት ግን እናቴ ጎመን ስትከትፍ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ኒሙን፣ ጣሳውን፣ መጥረጊያውን። ቢላዋዋን አላቆመችም።

«መሮኝ ነበር እኮ» አለች። «ዝም ብዬ በላሁት።»