እትዬ ዘይነባ ኳስ ያዩ ዕለት

ባለፈው ዓመት ለሥራ አዳማ ሄጄ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ቆሜ ሰው ስጠብቅ አንድ አይሱዙ መጥቶ አጠገቤ ቆመ። ጭነቱን አራግፎ የመጣ ባዶ መኪና ነው። ፀሐይ ያገኘው የሽንኩርት ልጣጭና የናፍጣ ሽታ ከወለሉ ተነስቶ አፍንጫዬን መታው። ደስ የሚል ሽታ አይደለም፤ አጠገቤ የነበሩት ሰዎች ፈቀቅ አሉ። እኔ ባለሁበት ቆየሁ። በልጅነቴ እንዲህ ባለ መኪና፣ እንዲህ ባለ ሽታ ውስጥ ተቀምጬ ከሐረር እዚህ ከተማ ድረስ መጥቼ ነበር። ያመጡን እትዬ ዘይነባ ናቸው።

እትዬ ዘይነባ ጀጎል ውስጥ፣ ከኤረር በር ብዙም ሳይርቅ፣ በአንድ የድንጋይ ግንብ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ባላቸው የሞቱት አንድ ልጃቸው ሙራድ ገና ሲድህ ነው። የሚተዳደሩት ለውዝ ቆልተው በመሸጥ ነበር። ከባቢሌ በጆንያ የሚመጣላቸውን ለውዝ በሰፊ ብረት ላይ ከአሸዋ ጋር ያምሱታል። ጠዋት ጠዋት የምነቃው ግንቡን ተሻግሮ በሚመጣው የአሸዋ ኮሽታ ነበር፤ ከዚያ ሽታው ይከተላል። የተቆላውን በአሮጌ ጋዜጣ ይጠቀልሉና ግማሹን በሩ አካባቢ ራሳቸው ይሸጣሉ፣ ግማሹን ደግሞ እሑድ እሑድ ስታዲየም ገብተው በሣህን የሚያዞሩ ልጆች ይወስዱላቸዋል።

የጨዋታውን ውጤት ከለውዙ ያውቁት ነበር። ቡድናችን ሲያሸንፍ ተመልካቹ እየሳቀ ይበላል፣ ሣህኑ ባዶውን ይመለሳል። ሲሸነፍ መብላቱን ይረሳል። ልጆቹ የተረፈውን ይዘው ከቅያሱ ሲታጠፉ ገና ከሩቅ፣ «ተበላን አይደል?» ይሏቸዋል።

ሙራድ የከተማችን ቡድን ግራ ተከላካይ ነበር። እናቱ ግን ሲጫወት አንድም ቀን አላዩትም። በዚያን ጊዜ ሴት ስታዲየም አትገባም ብሎ የከለከለ አልነበረም፤ ግን ነውር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በተለይ ባሏ የሞተባት ሴት፣ በተለይ የባሏ ዘመዶች እዚያው ጀጎል ውስጥ እየኖሩ፣ ከወንዶች መሐል ተቀምጣ ስትጮኽ ብትታይ ወሬው ከእሷ ቀድሞ ቤት ይገባል። እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘይነባ ትንሿን ባለባትሪ ራዲዮ ደጃፋቸው ላይ አስቀምጠው፣ ስለ አዲስ አበባ ቡድኖች የሚወራውን እየሰሙ፣ ጆሯቸው ግን ከከተማው በኩል ነፋስ ይዞት በሚመጣው ጩኸት ላይ ይሆን ነበር።

ያን ዓመት ቡድናችን ለዋንጫ ደረሰ፤ ጨዋታው አዳማ ሊደረግ ተወሰነ። ወሬው በተሰማ ማግስት እትዬ ዘይነባ እጃቸው ጥላሸት እንደሆነ በራችን ላይ ቆሙ። እናቴ ልብስ እያሰጣች ነበር።

«አልማዝ፣ አዳማ ማን ያውቀኛል?»

«ማንም አያውቅዎትም» አለች እናቴ፣ ነገሩ ሳይገባት።

«እንግዲያው እሄዳለሁ። ልጄን አየዋለሁ። አንቺም ትመጫለሽ፤ ሴት ብቻዋን እንዴት ትሄዳለች?»

እናቴ ስለ ኳስ የምታውቀው ነገር አልነበረም፤ ማወቅም አትፈልግም። ግን እትዬ ዘይነባን እምቢ ማለት አልቻለችም። እኔን የምትተውበት ስላጣች ደግሞ ሦስተኛዋ ተጓዥ እኔ ሆንኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳምንት በዝግጅት አለፈ። በአውቶቡስ የመሄዱ ሐሳብ በዋጋው ምክንያት ገና ከመነሻው ተጣለ። ከሐረር ወጣ ብላ ያለችው የሶፊ ሰው የሆነ ቶፊቅ የሚባል ሾፌር ነበር፤ ከአዳማ ሽንኩርት ያመጣል፣ ሲሄድ ግን ባዶውን ነው። እትዬ ዘይነባ ለውዝ ሊገዛ ሲመጣ ያዙት።

«ሰው አልጭንም፣ አዮ። ትራፊክ አለ፣ ፍተሻ አለ» አላቸው፤ አዮ ሲል እናቴ ማለቱ ነው።

«ባዶ መኪና አይንገጫገጭብህም?»

«ኧረ አንጀቴን ይበጥሰዋል።»

«እኛን ጫንና ይርጋልህ።»

ቶፊቅ አንገቱን ደፍቶ ሳቀ። «ወላሂ፣ እርስዎን አላህ ሾፌር ሳያደርግዎት ቀርቶ ነው» አለና እሺ አለ።

ማደሪያም ተገኘ። ለውዝ የሚልኩላት አንዲት የአዳማ ነጋዴ ነበረች፤ ፊቷን አይተውት አያውቁም። በቶፊቅ በኩል ላኩባት። «አልጋ የለኝም፣ ፍራሽ ግን አለ» የሚል መልስ መጣ። እትዬ ዘይነባ መልሱን ወደዱት፤ ያለውን የሚናገር ሰው አያስቸግርም አሉ። ስታዲየሙ ውስጥ ጥላ ያለበት ወገን ውድ መሆኑን ጠይቀው ስለደረሱበት የእናቴ ጥቁር ጃንጥላ ለፀሐዩ ወገን ተመደበ። ስንቁ የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ ቆሎና ለውዝ ሆነ። እናቴ ወጥ ልሥራ ብትል፣ «ወጥ ይፈሳል» ብለው ከለከሏት። አንድ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የቶፊቅ መኪና ቆሞ ሳለ በርጩማ አምጥተው እናቴን መውጣትና መውረድ አለማመዷት። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ያይ ነበር። እናቴ በኀፍረት ቀላች፣ እሳቸው ምንም አልመሰላቸው።

ሙራድ ይህን ሁሉ አያውቅም። ከቡድኑ ጋር ሲሄድ ቦርሳውን አዘጋጅተው፣ ዱዓ አድርገው፣ «በሰላም ግባ» ብለው ሸኙት። እናቴ ለምን እንደማይነግሩት ስትጠይቃቸው፣ «እናቴ አለች ካለ ኳሱን ትቶ ሰው ሲፈልግ ይውላል» አሏት።

ከንጋቱ የሱብሒ ሶላት በኋላ ተነሳን። ከታች ጆንያ አንጥፈን፣ ከላይ ሸራ ተከናንበን ተቀመጥን። ቁልቢ ላይ ጉሙ ፊታችንን አራሰው፤ ሂርና ስንደርስ ሸራውን ገለጥነው። ከዚያ መንገዱ እየወረደ፣ ሙቀቱ እየጨመረ ሄደ። ሚኤሶን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። መለዋወጫው ራሱ ያለቀ ነበር፤ ቶፊቅ ጎማውን በሚያልፍ መኪና አስጭኖ ለማስጠገን ወደ ኋላ ተመለሰ። እኛ ከመኪናው ጥላ ጋር አብረን እየዞርን ዋልን።

እናቴ ማምሻውን ተስፋ ቆረጠች። «እትዬ ዘይነባ፣ ይቅርብን፣ እንመለስ።»

«በምን?» አሉ እንቁላል እየላጡ።

እዚያው አደርን። አዳማ የደረስነው በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ነው። ፍራሹን አላየነውም። ቶፊቅ በቀጥታ ስታዲየሙ በር ላይ አወረደን። ከውስጥ ጩኸት ይሰማል፤ የመጀመሪያው አጋማሽ አልቋል።

ሁሉን ያሰቡት እትዬ ዘይነባ አንድ ነገር አላሰቡም ነበር። ከሐረር የመጣው ደጋፊ ሁሉ እንደኛው ርካሹን ትኬት ገዝቷል። ፀሐዩ ወገን ስንወጣ የሰማነው የገዛ አገራችንን ንግግር ነው፤ በየመስመሩ «አቦ!» ይባላል። እትዬ ዘይነባ ሻሻቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡና ከጃንጥላው ሥር ተደበቁ። እናቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት የወደደች ትመስል ነበር።

ሜዳውን ግን ያዩታል። ሙራድ በእኛ በኩል ነበር የሚጫወተው። ኳስ ሲነካ ክንዴን በኃይል ይጨብጡታል፤ ሲያቀብል ይለቁታል። ከዚያ ውጭ አይናገሩም፣ አይንቀሳቀሱም። ፀሐይዋ ዝቅ እያለች ስትሄድ ከወዲያኛው ወገን የተሻገረ ረጅም ኳስ መጣ። ሙራድ እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሲያንጋጥጥ አየሁት። ሊያወጣው ዘለለ፤ ኳሱ ከጭንቅላቱ ጎን ተፈናጥሮ የራሱ መረብ ውስጥ ገባ።

ቀጥሎ ከፊታችን አንድ የቡድናችንን ሻርፕ አንገቱ ላይ የጠመጠመ ጎልማሳ ብድግ ብሎ የሙራድን እናት ሰደበ። ስድቡን እዚህ አልጽፈውም፤ ስታዲየም የገባ ሰው ያውቀዋል።

እትዬ ዘይነባ ጃንጥላውን ለእናቴ ሰጡ። ሻሻቸውን ከፊታቸው ገለጡ። የሰውየውን ትከሻ መታ መታ አደረጉት።

«ልጄ፣ እናቱ እኔ ነኝ።»

ሰውየው ዞረ።

«ከሐረር በሽንኩርት መኪና መጥቼ ነው። ኳሱን ያበላሸው እሱ ነው፤ ስለ ኳሱ እሱን ስደበው። እኔ ሜዳ አልገባሁም።»

ዙሪያው ያለው ሰው ሁሉ ወደ እኛ ዞሮ ነበር። «የሙራድ እናት ናት» «ለውዝ የምትሸጠዋ» ሲሉ እሰማለሁ። ሰውየው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ።

«እማማ፣ አፉ በሉኝ።»

«አፉ ብያለሁ። አሁን ተቀመጥ፣ ከልለኸኛል።»

ተቀመጠ። የሳቀ አልነበረም። እትዬ ዘይነባ ከከረጢታቸው ለውዝ አውጥተው መጀመሪያ ለእሱ፣ ከዚያ ለአጠገቡ ሰጡ። ሻሻቸውን መልሰው አልሳቡትም። ቡድናችን በዚያችው ጎል ተሸነፈ። ተጫዋቾቹ ሲወጡ ሙራድ አንገቱን ደፍቶ ከፊታችን አለፈ፤ አልጠሩትም። የተመለስነው ሽንኩርቱ ላይ ተቀምጠን ነው።

ሙራድ ከእኛ በኋላ ነው ሐረር የገባው። እኔ እሳቸው ቤት ለውዝ ስለቅም ነበር። ቦርሳውን አስቀምጦ መደቡ ላይ ተቀመጠ።

«ኡሚ፣ በእኔ ጥፋት ነው የገባው።»

«ፀሐይዋ ዓይንህ ውስጥ ነበረች» አሉት፣ አሸዋውን እያማሰሉ።

ቀና ብሎ አያቸው። ከየት እንዳወቁ አልጠየቃቸውም። ተነስቶ ማማሰያውን ከእጃቸው ተቀበለና የቀረውን እሱ ቆላው።

ወሬው በርግጥ ቀድሞን ደርሶ ነበር። የባላቸው ታላቅ ወንድም መጥተው የቤተሰቡን ስም አንስተው ብዙ ተናገሩ። እትዬ ዘይነባ እስኪጨርሱ ጠበቁና፣ «እንግዲህ ሰው ሁሉ አይቶኛል፤ ከአሁን በኋላ ምን እደብቃለሁ?» አሏቸው። ቡድኑ ሐረር ውስጥ ባደረገው በሚቀጥለው ጨዋታ ጃንጥላችንን ተውሰው በዋናው በር ገቡ። መጀመሪያ ብቻቸውን ነበሩ። ቆይቶ የአንድ ሌላ ተጫዋች እናት መጣች፤ ከዚያ እህቶች፣ ሚስቶች። ሙራድ ጉልበቱን ተጎድቶ ኳስ ካቆመ በኋላም መሄዳቸውን አልተዉም። እናቴ አንድ ቀን፣ «አሁን ማንን ሊያዩ ነው?» ብትላቸው፣ «የሌላ ሰው ልጅ አለ» አሏት።

ሲሞቱ ሩቅ አገር እማር ስለነበር ቀብራቸው ላይ አልተገኘሁም። ቤቱን ሙራድ አከራይቶታል፤ የሚኖሩበት ሰዎች ለውዝ አይቆሉም።

በቅርቡ ሐረር ሄጄ ስታዲየም ገባሁ። ድሮ ይቀመጡበት በነበረው ወገን ቦታ አገኘሁ። በረኛው ቀላል ኳስ ከእጁ ሲያመልጠው ከፊቴ የነበረ ወጣት ብድግ አለና «የእናትህን...» ብሎ ጀመረ። ጓደኛው ሸሚዙን ይዞ ወደ ታች ጎተተው።

«እዚህ ጋ እናት አይሰደብም።»

«ለምን?»

«እኔ እንጃ። ድሮም አይሰደብም።»

ወጣቱ ትንሽ አሰብ አደረገ። ከዚያ ተቀምጦ ስለ በረኛው እጆች ብዙ ነገር ተናገረ።