«የፊተኛውን ውሰድ» ብዬ የጻፍኩት መመሪያ

ማስተማሩን ትቼ፣ ንፋስ መውጫ ቤቴ ሆኜ አዲስ አበባ ላለ መነጽር ሻጭ ድርጅት መሥራት ከጀመርኩ ወዲህ አርፌ መቀመጥ አልሆነልኝም። ኔትወርክ ሲጠፋ ደጅ እወጣለሁ፤ ሲመለስ እየሮጥኩ እገባለሁ። ሥራዬ መጻፍ ነው። ድርጅቱ ለደንበኞች የሚደውል፣ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠራ ረዳት አለው። ድምፁ የሴት ነው፤ አማርኛው ከእኔ ይጠራል። ይህ ረዳት የደንበኛ ስልክ የሚፈልግበት መሣሪያ ተሠራለትና «እንዴት እንደሚጠቀምበት አንቺ ጻፊለት» ተባልኩ። መሣሪያው ስም ሲሰጡት ስልክ ቁጥር ይመልሳል፤ በቃ።

ስጽፈው ግን በቃ የሚባል አልሆነም። ስሙ ባይገኝስ? የአባት ስም ባይሞላስ? ባልና ሚስት በአንድ ስልክ ተመዝግበው ቢሆንስ? የቡድን መሪያችን «አላለቀም?» እያለ ይወተውተኛል፤ መብራቱ ይሄዳል፣ ይመጣል። መጨረሻ ላይ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ በአንድ ስም ሁለት ሰው ቢገኝ ምን ያድርግ? «የፊተኛውን ውሰድ» ብዬ ላክሁት። ልክ እንደላክሁት ልቤን ቅር አለው። ግን አልተመለስኩበትም።

ከሳምንታት በኋላ አንድ ጠዋት፣ መነጽሮቻችንን ተቀብላ ለባለቤቶቻቸው የምትሰጥልን የመድኃኒት ቤት ባለሙያ ደወለችልኝ። «ቶሎ ነይ፤ አንድ የኔታ መነጽሩ አላሳየኝም ብለው ተቀምጠዋል» አለች። ባጃጅ መጠበቅ አቅቶኝ በእግሬ ወረድኩ።

ከዚሁ ከእኛ አገር ቤተ ልሔም የመጡ የድጓ መምህር ናቸው። እኩሉን መንገድ በእግራቸው፣ እኩሉን በመኪና። መጽሐፋቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ጭናቸው ላይ ዘርግተዋል።

«ፊደሉ ይዋልላል። ከላዩ ያለው የዜማ ምልክትማ ጨርሶ የለም» አሉኝ።

የመነጽሩን ወረቀት አገላበጥኩት። ስሙ የእሳቸው፣ የአባት ስሙም የእሳቸው ነው። አድራሻው ግን ስማዳ ይላል።

«የኔታ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይሄ የእርስዎ ሞክሼ ነው። የእርስዎ መነጽር ገና አልደረሰም።»

«አልደረሰም? በስሜ ጠርተሽ መጥተህ ውሰድ ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«እኔ አይደለሁም። ሰውም አይደለችም፤ ማሽን ናት።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ማሽን ያስተማሩትን ይላል እንጂ ከየት ያመጣል? ማነው ያስተማራት?»

ባለሙያዋ መድኃኒት መደርደሯን ትታ ታዳምጣለች። መዋሸት ይቻል ነበር። «እኔ ነኝ» አልኳቸው። «ሁለት ሰው ሲገኝ የፊተኛውን ውሰድ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው መጽሐፋቸውን ቀስ ብለው ወደ ማኅደሩ መለሱ። «ተማሪ ዜማው ሲጠፋው ዝም ካለ እጠብቀዋለሁ» አሉ። «ከሆዱ ፈጥሮ ከቀጠለ ግን አስቆመዋለሁ። ያ ነው የሚያጠፋ።» ተነሥተው መቋሚያቸውን ያዙ። ምሳ ይብሉ ብላቸው እምቢ አሉ፤ ተማሪዎቻቸውን አስቀምጠው ነው የመጡት።

መናኸሪያ ድረስ ሸኝቻቸው ተመለስኩና የመነጽሩ ባለቤት ለሆነው የስማዳ ገበሬ ራሴ ደወልኩ። «ረስታችሁኛል ብዬ ተስፋ ቆርጬ ነበር» አለኝ። ከዚያ መመሪያውን ከፈትኩ። «ከአንድ በላይ ሰው ከተገኘ አትምረጥ። ወረዳውን ከመነጽሩ ወረቀት ጋር አመሳክር። ከደወልክም በኋላ ከየት እንደሆኑ ሳትጠይቅ መነጽሩ ደርሷል አትበል። ካልለየህ አልለየሁም በልና ለሰው አስተላልፍ።» የቡድን መሪው ደንበኛ በጥያቄ ይሰለቻል ብሎ ተከራከረኝ። ስለ የኔታ መንገድ ነገርኩት። «እሺ፣ ይሁን» አለ።

የእሳቸው መነጽር ሲደርስ ረዳቱ ሲደውል የተቀዳውን ከፍቼ ሰማሁ። «ከየት ወረዳ ነዎት?» ሲላቸው «ዛሬስ ጠየቅሽ!» ብለው ሳቁ። እኔ ባለሁበት መድኃኒት ቤቱ መጥተው መነጽሩን አድርገው አንድ ገጽ አዜሙ፤ መድኃኒት ሊገዛ የመጣው ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። እኔን «ተባረኪ» ብለውኝ መኪና እንዳያመልጣቸው ሮጡ።

ደስ ብሎኝ ላርፍ ይገባኝ ነበር። አላረፍኩም። አሁን ስለ ቀጠሮ መለወጫ ሌላ መመሪያ ጻፊ ተብያለሁ፤ አንዱን ዓረፍተ ነገር ጽፌ እነሣለሁ፣ ደጅ ወጥቼ የአርብ ገበያን መንገድ አያለሁ፣ ተመልሼ እሰርዘዋለሁ። ስልኬ በጮኸ ቁጥር፣ የትኛው ቃሌ ማንን ከቤቱ አስነሥቶ ይሆን እላለሁ።