ከጡት ወደ አጥንት

ታላቅ እህቴ የምትኖረው ዳባት ነበር፤ እኔ ደባርቅ አስተምር ነበር። ፊደል የቆጠርኩት ዘግይቼ ስለሆነ፣ የክረምት ተማሪ ሆኜ ለባዮሎጂ ዲግሪ ጎንደር ስመላለስ ጸጉሬ ሸብቶ ነበር። የመመረቂያ ጽሑፌን ርእስ የመረጥኩት በእሷ ምክንያት ነው። ከዚያ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ ግራ ጡቷ በካንሰር ምክንያት ተቆርጦ ወጥቶ ነበር። ቤተሰቡ በሽታውም አብሮ ወጣ ብሎ ያምን ነበር።

ያነበብኩት ግን ሌላ ይላል። በሴል ውስጥ ማይክሮ አር ኤን ኤ የሚባሉ እጅግ አጫጭር ሞለኪውሎች አሉ፤ የጂን ትእዛዝ ከልክ እንዳያልፍ ያፍናሉ። ከእነሱ አንዳንዶቹ ሲጠፉ፣ ከካንሰሩ ሴሎች መካከል ግንደ ሴል የሚባሉት፣ ካንሰሩን እንደ አዲስ የሚያበቅሉ ጥቂቶች፣ ልጓም ያጣሉ። መድኃኒቱን ይቋቋማሉ፤ በደም ተጉዘው አጥንት ውስጥ ለዓመታት ያደፍጣሉ።

በጥር ልጠይቃት ስሄድ ጎብጣ አገኘኋት።

«የባቄላ ጆንያ ሳነሳ ወገቤን ቀጭ አደረገኝ» አለች።

ያነበብኩት ትዝ አለኝ። «ጎንደር ሄደን ብንታይስ?» አልኩ። ምክንያቱን አልተናገርኩም፤ ያላረጋገጥኩትን ቃል ማውጣት አልወድም።

«ለወገብ ደግሞ ጎንደር? ወጌሻው እዚሁ ጎረቤት አሉ አይደል!» አለ ባሏ።

«ተዋት፣ ይቺ በስተርጅና ተማሪ ሆና ሁሉን ከመጽሐፍ ነው የምታየው» ብላ እህቴ ሳቀች። ሳቁን ሕመሙ አቋረጠባት።

ወጌሻው የስንቱን ወለምታ የመለሱ ሽማግሌ ናቸው። ቅቤ ቀብተው በሆዷ አስተኟት። እኔን ትከሻዋን እንድይዝ አዘዙኝ፤ ያዝኩ።

«በርቺ የኔ ልጅ፣ አንድ ጊዜ ነው» ብለው በሁለት መዳፋቸው ተጫኑ።

ጭራሮ ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። እህቴ አልጮኸችም። «እግሬ የት ሄደ?» ብቻ አለች።

ጎንደር በራጅ ፊልሙ ላይ አከርካሪዋ ተበልቶ ታየ። ሐኪሙ ከጡቱ የመጣ ነው አለን። «ሳይሰበር ብትመጡ ዕድሜዋን ባይሆን እንኳ እግሯን እናተርፍ ነበር» አለ። ወጌሻው ሲሰሙ መጥተው ደጇ ላይ ቆመው አለቀሱ።

«እኔ ምን አውቄ!» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ከመሞቷ ሳምንት በፊት ልብሷን ስቀይርላት ዓይኔን ትክ ብላ አየችኝ።

«ያን ጊዜ ጠርጥረሽ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር እታለም።»

«ታዲያ ምን አፍሽን ያዘው?»

«እርግጠኛ እስክሆን ብዬ።»



«እኔ እርግጠኛ ሆኜ ነው እንዴ ትከሻዬን የሰጠሁሽ?» አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።