ወደብ ሲደርስ የሚሞት ገንዘብ

ኦዴሊያ ባቲስት ካርዷን መልሳ ዘረጋች። ፎቶ የምትሸጠው ልጅ፣ ዳሊሳይ፣ ተቀብላ ማሽኑ ላይ ደግማ ሞከረችው፤ ከዚያም ካርዱን በሁለት እጇ መለሰችላት።

«እማማ፣ ክሬዲትዎ አልቋል።»

«አላለቀም። እኔ እኮ አልነካሁትም!»

«እርስዎ አልነኩት ይሆናል፤ ግን ተበልቷል።»

ከኋላቸው የመርከቧ ሱቆች እንደ ገበያ ቀን ይተራመሳሉ። ክሬዲት የሚሉት፣ ትኬት ሲቆረጥ ለየክፍሉ በስጦታ የሚመዘገብ፣ መርከቧ ላይ ብቻ የሚሠራ፣ ወደ ኪስ የማይገባ ገንዘብ ነው። ጉዞው የሚያበቃበት ጋልቬስተን ወደብ ሲደረስ ይሞታል። ስለዚህ እንደ ዛሬ ባለው የመጨረሻ ቀን ክሬዲት የተረፈው ሰው ሁሉ ያገኘውን ያፍሳል። አንድ ቦርጫም ሰውዬ ሦስት ጃንጥላ ታቅፎ ሲያልፍ ሚስቱ ከኋላ ትጮኻለች።

«አንድ ራስ ይዘህ ሦስት ጃንጥላ ምን ያደርግልሃል?»

«ለመርከቧ ከምተውላት ዝናብ ብጠብቅ ይሻለኛል!»

ሰው ሳቀ። ኦዴሊያ ግን አልሰማችም። ዓይኗ ዳሊሳይ ፊት ለፊት ባለው፣ ፎቶ በሚታይበት የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ላይ ነው። በዚያ ላይ ባሏ አልሲድ አለ፤ ጥቁር ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ አንገቱን ወደ እሷ መልሶ ይስቃል።

አልሲድ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ስሟ ጠፍቶበታል። ሲርበው «እሜቴ፣ ምሳ ይኖር ይሆን?» ይላታል፤ ጫማውን ስታስርለት «እግዜር ይስጥልኝ፣ እሜቴ» ይላታል፤ እንደ እንግዳ ሰው። ዕድሜውን ሙሉ በፖርት አርተር ነዳጅ ማጣሪያ ሲሠራ ከጭንቅላቱ ቁጥር የማይጠፋው ሰው ነበር። እሷ ደግሞ የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ውስጥ የሰፈሩን ልጅ ሁሉ ቀይ ባቄላና ሩዝ አብልታ አሳድጋለች። የተዋወቁት በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ የአኮርዲዮን ጭፈራ ላይ ነው። ያን ዕለት «ዴዴ» ብሎ ስም አወጣላት። ከእሱ በቀር በዚያ ስም የሚጠራት የለም፤ ልጆቿ ፊት እንኳ ጮክ ብሎ አይጠራትም ነበር፤ ጆሮዋ ሥር ነው።

የክት ልብስ በሚለበስበት ማታ፣ የመርከቧ ትልቁ ደረጃ ላይ፣ ዳሊሳይ ሁለቱን አቁማ «ወደ እኔ!» ስትል አልሲድ ወደ ካሜራው አላየም። ዞሮ ሚስቱን አየና «ዴዴ፣ እዚህ ነሽ እንዴ?» አላት። መብራቱ ብልጭ አለ። ደረጃውን ሳይወርዱ ተመልሶ «እሜቴ፣ ወንበር የት ነው?» ማለት ጀመረ።

ይህን ለልጇ ለሬይናርድ ነገረችው። ሬይናርድ ክፉ ልጅ አይደለም። አባቱን ሰኞ ለመውሰድ በሽተኛ የሚጦርበት ቤት አስመዝግቧል፤ ይህ ጉዞም ከዚያ በፊት መላው ቤተሰብ አንድ ላይ እንዲሆን ብሎ የተነሣ ነው። ሰምቶ ሲያበቃ እጇን ያዛት።

«እማዬ፣ ናፍቆትሽ ነው የሰማው።»

«ጆሮዬ ነው የሰማው።»

«እሱ አንቺን አያውቅሽም። አያውቅም። ሌላ ሰው ቢያጎርሰው ልዩነቱ አይገባውም። አንቺ ግን እያለቅሽ ነው።»

አሁን ፎቶውን ሰሌዳው ላይ ስታየው መልሷ እዚያ ነበር። አልሲድ የማያውቀውን ሴት እንዲህ አያይም። ይህን ፎቶ ሬይናርድ ፊት ብታስቀምጥ፣ «እሱ አያውቅሽም» የሚለው ቃል አፉ ላይ ይደርቃል፤ ሰኞም ይቀራል። ያልተሸጠ ፎቶ ደግሞ መርከቧ ወደብ ስትደርስ ይጠፋል። የፎቶው አዳራሽ ደግሞ እራት ሳይቀርብ ይዘጋል።

«ማን ነው የበላው?» አለች ኦዴሊያ።

ዳሊሳይ እንግዶች መቀበያው ጋ ይጠይቁ አለቻት። እዚያ ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዋ ሲደርስ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የቆለፈ ጎረምሳ ሒሳቧን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። በበረዶ የተፈጨ የእንጆሪ መጠጥ። የጨዋታ ማሽን። የጨዋታ ማሽን። በረዶ። በብረት ጥፍር አሻንጉሊት የሚያነሣው ማሽን። ደግሞ እሱው። ደግሞ እሱው።

ኦዴሊያ የልጅ ልጆቿ ሒሳብ እንደሆነ ገባት። ራሷ ነች ያደረገችው። ሲሳፈሩ፣ «የባቲስት ዘር» የተጻፈበት ቀይ ካናቴራ አንድ ዓይነት ለብሰው ተሰልፈው ሳለ፣ የምትመዘግበው ሴት «የልጆቹ ካርድ ከማን ሒሳብ ጋር ይታሰር?» ብላ ጠየቀች። ሬይናርድ የራሱን ክፍል ለብቻው አስመዘገበ። ኦዴሊያ ግን ሴት ልጇን ሞኔትንና የሞኔትን ልጆች በሙሉ ወደ ራሷ ሳበቻቸው። «ሁሉም ከእኔ ጋር! እኛ ቤት ድስቱ አንድ ነው!» ስትል ዘመድ በሙሉ «አሜን!» ብሎ አጨበጨበላት። ከአንድ ድስት ማንም አስፈቅዶ አይጨልፍም። እነሱም ጨለፉ።

«የኔ ልጅ፣ ይህን ማሽን የሚባለውን ሰርዝልኝ» አለችው ጎረምሳውን።

«የተጫወቱትን እንዴት እሰርዛለሁ፣ እማማ? የጠጡትንስ?»

«ከባንክ ካርዴ ውሰድ።»

«ባንክ ውስጥ ያለውን መርከቧ ከመነሻው ለዋስትና ይዛዋለች። የሚለቀቀው ቤትዎ ከገቡ በኋላ ነው።»

«ቤቴ ከገባሁ በኋላ ምን ያደርግልኛል?» አለች። ድምጿ ከፍ ብሎ ስለነበር ሰልፉ ዞሮ አያት።

ወደ ፎቶው አዳራሽ ስትመለስ መንገድ ላይ ሞኔትን አገኘቻት። አባቷን ወንበር ላይ አስቀምጣ አይስ ክሬም ታበላዋለች።

«እማ፣ ምነው ፊትሽ? ሰው ሞተ እንዴ?»

«የለም። ክሬዲት ተርፎሻል?»

«እኔ? እኔ ካንቺ ድስት አይደለም እንዴ የምበላው?» ብላ ሳቀች፤ ከዚያ የእናቷን ዓይን አይታ ሳቋን ዋጠችው። «ልጆቹ በሉት? ወይኔ! ቆዳቸውን ነው የምገፈው!»

«ተያቸው። ልጅ ናቸው።»

አልሲድ ቀና ብሎ «እሜቴ፣ ይቅመሱ፣ ጥሩ ነው» አላትና ማንኪያውን ዘረጋላት። ቀመሰች።

አዳራሹ ውስጥ ሰው ሳስቷል። ዳሊሳይ ክፈፎቹን እየሰበሰበች ነበር። ኦዴሊያ ዙሪያዋን ቃኝታ አሮጌ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣችና ሰሌዳው ላይ አነጣጠረች።

«እማማ፣ አይሆንም!» አለች ዳሊሳይ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ከላይ ካሜራ አለ። እኔን ነው የሚያባርሩኝ። ልጄን እናቴ ጋ ትቼ ነው የመጣሁት።»

ኦዴሊያ ስልኩን አወረደች። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እሷም የጋብቻ ቀለበቷን ማውለቅ ጀመረች። ጣቷ አብጦ አልወጣ አለ። «ይህን ያዥልኝ፤ ገንዘቡን ከቤቴ እልክልሻለሁ።»

«እባክዎ፣ እማማ፣ አያስለቅሱኝ። ሌላ ሰው በራሱ ክሬዲት ቢገዛልዎት ይቻላል። ማንም ይሁን። አብሮዎት የመጣ የለም?»

አለ። ሬይናርድ አለ። ኦዴሊያ ከመጀመሪያውም እሱን እየሸሸች ነበር። የሚረታበትን ነገር ራሱ እንዲገዛላት እንዴት ትለምነዋለች? ወደ ሱቆቹ ስትሄድ እግሯ የሌላ ሰው ይመስል ይጎተታል። ሬይናርድ ሰዓት የሚሸጥበት መደብር ጋ ቆሞ፣ የማይፈልገውን ሰዓት እጁ ላይ አስሮ ያያል።

«እማዬ! ነይ እስቲ ፍረጂ። ሰዓት ነው ወይስ ሻንጣ? ዛሬ ካልበላሁት ለካፒቴኑ ጡረታ ነው የሚሆነው።»

«ፎቶ ግዛልኝ።»

«ምን ፎቶ? ስልኬ ውስጥ የአባባ ፎቶ መአት አለ።»

«ያ አይደለም። ሬይ፣ አንድ ነገር ለምኜህ አላውቅም። ና ብቻ። ሊዘጉት ነው።»

ሰዓቱን ፈትቶ ተከተላት።

ዳሊሳይ ፎቶውን ከፈተችላቸው። ኦዴሊያ ሰሌዳውን አላየችም፤ የልጇን ፊት ነው ያየችው። ገበያ ላይ ያለ ሰው ፊቱ ቀስ እያለ ጠፋ፤ አባቱ ከማጣሪያው ሲመጣ በር ላይ ሮጦ የሚቀበለው ልጅ ፊት መጣ። አፉ ትንሽ ተከፈተ።

«አየኸው?» አለች።

«አየሁት።»

«የማያውቀውን ሰው ነው እንዲህ የሚያየው?»

«አይደለም።» አፍንጫውን በእጁ ጀርባ ጠረገ። «ተሳስቻለሁ፣ እማዬ። ጠርቶሻል። እውነትሽን ነው።»

ደረቷ ውስጥ ታስሮ የነበረው ነገር ላላ። ልትስቅ አፏን ስትከፍት ግን ሬይናርድ ጣቱን ወደ ሰሌዳው አስጠጋ፤ ወደ አባቱ አይደለም፣ ወደ እሷ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ኦዴሊያ ያን ጊዜ ነው ገና ራሷን ያየችው። እስከዚያ ድረስ ዓይኗ ከአልሲድ ፊት ተነሥቶ ወደ ጎን ዞሮ አያውቅም። አልሲድ ሲጠራት ድንገት ስትዞር የትከሻ ልብሷ ከላይ ተንሸራትቷል። እርቃኑን በወጣው ክንዷ ላይ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሆኖ የበለዘ፣ ጠርዙ የገረጣ፣ ጎን ለጎን የተሰለፈ ሰንበር አለ።

«በር ነው» አለች።

«በር ጣት አለው?»

አልሲድ ከእንቅልፉ ሲባንን የማያውቃት ሴት ቤቱ ገብታ እየሰረቀችው ይመስለዋል። የማጣሪያ ቧንቧ ሲጠመዝዝ የኖረ እጅ ነው፤ ሲይዝ አይለቅም። እሷም አትጮህም፤ እንደ ሕፃን እያባበለች ትጠብቀዋለች። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ ለሞኔት እንኳ።

«ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ሲያውቀኝ አይነካኝም፣ ሬይ።»

«እኮ ሲያውቅሽ ምን ይላል?» ሬይናርድ ድምፁ ተሰበረ። «እዚያ ደረጃ ላይ ዴዴ ብሎ ሲጠራሽ፣ ያኔ ክንድሽን ቢያየው፣ ማን ነው ይህን ያደረገሽ ቢልሽ፣ ምን ትመልሺለታለሽ?»

ዴዴ የሚለው ስም ከልጇ አፍ ሲወጣ ሰምታ አታውቅም። ደነገጠች። መልሱንም አወቀችው። አልሲድ እጁን እሷ ላይ እንዳነሣ ቢያውቅ አንዲት ሌሊት አብሯት አያድርም። ራሱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ይወጣል፤ ማንም አይመልሰውም። እሷ ፎቶውን ለማግኘት ስትባክን የዋለችው እሱ ለእሷ እንዲመሰክር ነበር። ይኸው መሰከረ።

«ጎረቤት አለ፣ ሞኔት አለች፣ እኔ በርትቼ…» አለች። ቃሉን ሳትጨርሰው ትታው ሰሌዳውን ያዘች፤ የሚያቆማት ሌላ ነገር ስላልነበረ።

ሬይናርድ አቀፋት። በልጅነቱ እንኳ እንዲህ ጥብቅ አድርጎ አቅፏት አያውቅም፤ የበለዘውን ክንድ ግን እንዳይነካ ተጠንቅቆ ነበር፤ ይህም ሌላ ሕመም ሆነባት።

«ቦታው ቅርብ ነው እኮ» አለ ከራሷ በላይ። «በየቀኑ ትሄጃለሽ። እኔ ነኝ የምነዳሽ።»

«ሌሊት የሚባንነውስ? ማን ያባብለዋል?»

ሬይናርድ ሊዋሻት አልሞከረም።

ዳሊሳይ ቆልፋ የምትወጣበት ሰዓት ደርሶ ነበር። ከራቅ ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይቅርታ… ይገዛል እንዴ?»

«ይገዛል» አለ ሬይናርድ ካርዱን እያወጣ። «ትልቁን አድርጊልን። ግድግዳ የሚሞላውን፤ ከወርቅማ ክፈፍ ጋር። ሳሎን ይሰቀላል።»

ኦዴሊያ ክንዱን ያዘች።

«ትልቁን ተይው» አለቻት ዳሊሳይን። ድምጿ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ትንሿን ስጭኝ፣ አልጋ አጠገብ የምትቆመዋን። ከአሁን በኋላ እሱ የሚተኛበት ክፍል ጠረጴዛው ጠባብ ነው ብለውናል።»